ሦስተኛው ሳጥን

ታኮራዲ፣ ጎልድ ኮስት፤ በጦርነቱ ዘመን

መርከቡ ሲራገፍ ሁለት ሳጥን ወጣ፤
ሦስተኛው አልመጣ።
በአንደኛው ገላው አለ፣ ክንፎቹ በሌላው፤
ጭራውን ግን ባሕር፣ ባሕር ሳይሆን አይቀርም የበላው።
ሳጅን ሃርግሪቭ ቆቡን መሬት ላይ ጥሎ ረገጠው፤
ዝናቡም ከኋላው ደረሰና ከነቆቡ ቀጠቀጠው።

እኔ ክዋሚና ነኝ፤ አናጢ፣ የታንኳ ጠራቢ ልጅ፤
አውሮፕላን በሩቁ ሲያጓራ ሰምቼ አውቃለሁ እንጂ
ገላውን ነክቼ፣ ብሎኑን ፈትቼ፣ የት አባቴ አውቄ!
የተቀጠርኩትም ሳጥን ልከፍት ነው፣ መዶሻዬን ታጥቄ።
ሚስማር ስነቅል ጥዱ ይሸተኛል፤
አይቼው የማላውቅ ቀዝቃዛ አገር ከውስጡ ይተነፍስብኛል።
ከጣውላው ሥር ገለባ፣ ከገለባው ሥር ሰም፤
ከሰሙ ሥር ክንፍ፤ አራስ ይሁን ሬሳ፣ ጥቅልሉ አይለይም።

ጣሪያ የለን፣ ወለል የለን፤ ያለን ሦስት የኦዱም ግንድ፣
ጫፋቸው በሰንሰለት የታሰረ፣ እግራቸው በጭቃ የሚወርድ።
በዚያ ነው ሞተር የሰቀልነው፤
ሃያ ሰው ገመድ ስንስብ፣ ሳጅኑ «ቀስ! ቀስ!» ሲል፣
ሞተሩ ከአናታችን በላይ ሲወዛወዝ እንደ ቅል።
ብሎኑን በኮኮናት ቅርፊት በየመጠኑ ለየነው፤
አንዲት ዳዶ ብትጠፋ፣ ሌሊቱን በፋኖስ ሣሩን ዳሰስነው።
ካቻቢቴው አንድ ነው፤ ተራ እንይዝለታለን፤
ቺያቬ ስንጠይቅ «በሚቀጥለው መርከብ» ይሉናል፤ እንስቃለን።

ጭራ ያገኘነው ከረግረጉ ነው፤ ባለፈው ወር የወደቀ አለ፣
አፍንጫው ጭቃ ውስጥ፣ ጭራው ወደ ሰማይ እንደተሰቀለ።
ስምንት ሆነን፣ በራሳችን ተሸክመን፣
አልቅት ከእግራችን፣ ላብ ከዓይናችን ሳናራግፍ አደረስን።
የእኛው አረንጓዴ ነው፤ ይሄኛው አሸዋ መሳይ፤
«ቀለም የለም» አለ ሳጅኑ፤ «ይብረር እንጂ ማን ሊያይ!»

የመሪው ጨርቅ ግን ተተርትሯል።
ኤግያ ቤንሲልን ጠራሁት፤ መረብ ጠጋኝ ነው፣ አንድ ዓይና፤
የአጥንት መርፌውን ከጆሮው ላይ መዘዘና
ዓሣ ሊያጠምድበት ይመስል ጨርቁን ቋጠረው።
ሳጅኑ መጽሐፉን ገለጠ፣ ገለባበጠው፤
እንዲህ ያለ ቋጠሮ በሥዕልም በቃልም የለበትም።
በሁለት እጁ ያዘ፣ ተንጠለጠለ፣ እግሩን ከመሬት አነሳ፤
ቋጠሮው ፍንክች አላለም።
አንድ ሲጋራ አውጥቶ ለሽማግሌው ሰጠው።
ሽማግሌው አያጨስም፤
ጆሮው ላይ ሰካት፣ በመርፌው ቦታ።

አብራሪው ፖላንዳዊ ነው፣ ዜኖን የሚሉት፣ ጢም ያላበቀለ፤
ዙሪያውን ዞረ፣ ጎማውን ረገጠ፣ ጭራው ጋ ሲደርስ ተተከለ።
ከሥር በኩል በሚስማር የተጫረች ሽመላ አለች፤
እኛማ አይተናት ነበር፣ ተራ ጭረት መስላን ቀረች።
ጣቱን ከወፏ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ።
በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ የሰው ስም ይመስለኛል።
እኔም ረግረጉን በጣቴ አሳየሁት።
መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።
ሣሩን ሁሉ አስተኝቶ ተነሳ፣
አረንጓዴ ወፍ በአሸዋ ጭራ፣
ወደ ካኖ፣ ከካኖም ወዲያ ወደሚሉት በረሃ።
ይድረስ አይድረስ የነገረን የለም።

ከሳጥኑ ጣውላ ለቤቴ በር ሠራሁበት፤
ጥቁር ፊደል ነበረው፣ ለጌጥ መስሎኝ ተውኩት።
ልጄ ኤኩዋ ትምህርት ቤት ገብታ አንድ ቀን አነበበችውና
«አባዬ፣ ‹ይህ ወገን ወደ ላይ› ይላል፤ ዘቅዝቀኸዋል!» አለች፣
በሳቅ መሬት ላይ ተቀምጣ።

አላቃናሁትም።
በሐርማታን ወራት ጣውላው ሲደርቅ ማጠፊያው ያጓራል፤
ሌሊት ብንን ብዬ፣ ሞተር ተነሳ እላለሁ።
ከዚያ ሁሉ የቀረኝ ግማሽ ጣሳ ዘይት ነው፤
ጣቴን ነከር አድርጌ፣
እየቆጠብኩ እቀባዋለሁ።