አሸንዳው

ቤሌም ላይ ሰው በሰዓት አይቃጠርም፤ በዝናብ ነው ቀጠሮ፦
«ሳይጥል እንገናኝ»፣ «ሲያባራ ና»፤ እንዲህ ነው ያገሩ ኑሮ።
እኔ እዚያ ሲኒማ ቤት፣ ከማሳያው ኋላ፣ ሠላሳ ዓመት ቆሜ፣
ዣንዲርን ስንቴ ገደልኩት በእጄ፣ ስንቴ አስነሳሁት ደግሜ።

መጀመሪያ በቴሌቪዥን፣ በማታው ተከታታይ ድራማ ላይ፣
የመበለቷን ቤት የቀማ ወንድም ሆኖ ሲታይ፣
ዓሣ ሊገዛ ቢወርድ፣ ዶና ዙልሚራ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣
«ቤቱን መልስላት!» አለችው፣ ዓይኗ ፈጦ፣ በቁጣ።
ሳቀ። ዓሣውን ግን አልሸጠችለትም።
ያን የሚያህል ሽልማት ከዚያ ወዲህ ማንም አልሰጠውም።

ኋላ ባሕር ማዶ ጠሩት።
ማድሪድ ላይ ኮሎምቢያዊ፣ ቡዳፔስት ላይ ኩባዊ አደረጉት፤
ኳሬዝማ የሚለውን የጾም ስሙን ለምላስ ከበደን ብለው ጣሉት፤
ፖርቱጋልኛውን ዋጠ፣ በማይችለው ስፓኒሽ አስማሉት።
በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ይሞታል፤ እስከ አሥራ ሁለት ከቆየ፣
እናቱ ዶና ኦዛና «ተመስገን» ትላለች፣ «ዛሬስ ልጄ ዕድሜ አየ»።
በመርዝ፣ በገመድ፣ ከፎቅ ወርዶ፣ በመኪና ሥር፤
አንዴም አዞ በላው፣ የወንዝ ልጅ! የጎማ አዞ፣ ሆዱ በባትሪ የሚዞር።

ፕራግ ላይ ግን አንድ ሌሊት፣ በረዶው ጉልበት ሲደርስ፣
አዘጋጁ አለው፦ «በራስህ ቋንቋ ዛት፤
የመጣልህን በል፣ ማን ሊሰማህ። ከዚያ ቀስ ብለህ ፍስስ።»

ዣንዲርም የሽሮፕ ደሙን ተፍቶ፣ ሽጉጡን አነጣጥሮ፣
ስንት ዓመት የዋጠውን አፉን ፈታው፣ እንዲህ ብሎ ጀምሮ፦
«እማዬ፣ የጣራው አሸንዳ ይጠገን፣ ክረምቱ ሳይብስ፤
ገንዘቡን በኔውዛ እጅ ልኬያለሁ፤ ይበቃሻል፣ እስክመለስ።
ጀልባዋን ለቫልዴሲር አትሽጪ፤ ቢለምንሽም አትስሚው።
ያ ቢጫ ውሻ አሁንም ይነክሳል? እባክሽ እሰሪው።»

ብሎ ወደቀ።

ፊልሙ በጥቅምት ቤሌም ገባ፤ ያ ትዕይንት ሲመጣ፣
ከሥር በነጭ ፊደል «በባዕድ ቋንቋ ይዝታል» የሚል ወጣ።
አዳራሹ አንድ አፍታ ዝም አለ፤ ከዚያ ጣራው በሳቅ ተናጋ፣
ሰው ወንበሩን እየደበደበ፣ ጎረቤቱን በክርኑ እየወጋ።

ዶና ኦዛና ብቻ፣ ከሦስተኛው ረድፍ፣ ጃንጥላዋን ተመርኩዛ ተነሳች፤
«አስጠግኛለሁ፣ ልጄ» አለችው፣ ሸራውን እያየች።
ስለ ጀልባዋ ግን ምንም አላለች።