አራት ደቂቃ

ቤርሳቤህ፣ ሐሙስ ማታ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣
አራተኛ ፎቅ ቁጭ ብዬ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲገባ፣
አንዱን ፋንክሽን ከፈትሁት፤ ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ፣
ዘጠኝ መቶ አርባ መስመር፣ ማረፊያ የሌለው መንገድ።

ስሙ «ሁሉን አስላ» ይላል። እውነትም ሁሉን ያሰላል፦
ሾፌር ይመድባል፣ ሰዓት ይቆርጣል፣ የቲኬት ሒሳብ ያወራርዳል፣
ዝናብ ሲጥል መንገድ ይቀይራል፣ በዓል ሲሆን ያንቀላፋል።
ከሆነ፣ በከሆነ ውስጥ፤ ካልሆነ፣ በካልሆነ ሆድ፤
የቅንፉ መዝጊያ ከመክፈቻው ሦስት ገጽ ርቆ ሲንጋደድ፣
አንባቢው መሃል ላይ ደርሶ፣
ከየት እንደተነሣ ይጠፋዋል።

አንዱ ሒሳብ አምስት ቦታ ተደግሟል፤
አንዱ ታርሞ፣ አራቱ እንደ ተሳሳቱ ቀርተዋል።

«ተይው» አለኝ ኒትሳን፣ ጃኬቱን እያነሣ፤ «ይሠራል እኮ፣ አትንኪው።»
ይሠራል። ልቃቂትም ተጠቅልሎ ሲያዩት ሙሉ ነው፤
ጉዱ የሚወጣው ክር ሲፈለግ፣ ውሉ ሲጠፋ ነው።

ውሉን ፈለግሁ።
መጀመሪያ ፈተና ጻፍሁ፣ ዛሬ የሚለውን ነገም እንዲል፣
አሮጌ ቤት ሲታደስ ጣራውን በባላ እንደሚደግፉት ያህል።
ከዚያ ቆረጥሁ፤ በጥቂት በጥቂቱ።
የሾፌሩን ለሾፌር፣ የዝናቡን ለዝናብ ሰጠሁ።
«ጊዜያዊ ሦስት» ይባል የነበረውን
«የዘገየ ደቂቃ» አልሁት።

ስም መቀየር ቀላል ነው፤ አንድ ቁልፍ መጫን፣ በየቦታው ይለወጣል።
አውቃለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣
አንዲት ጸሐፊ፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣
«ያለምወርቅ ረጅም ነው» አለች፤ «ያኤል።»
ዛሬ በሙሉ ስሜ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ናት፤
እሷም ስትቆጣ።

ስምንት መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምሁ።
ዕለቱ ዓርብ ከሆነ፣
መኪናው የመጨረሻው ከሆነ፣
ፌርማታው የገበያው ከሆነ፣
አራት ደቂቃ ጨምር።

ማብራሪያ የለውም። ፈተናዎቼም ሳያውቁት አልፈዋል።
ሰረዝሁት። ሁሉም አረንጓዴ በራ።
ከምስር ውስጥ ጠጠር እንደለቀመ ሰው ደስ አለኝ፤
እጄ ግን መብራቱን አላጠፋ አለ።
ነገ ዓርብ ነው።

ሴምዮን ጡረታ ከወጣ ሰባት ዓመቱ፤ ዓራድ ነው፣ ከሁለት ውሾች ጋር።
ደወልሁ። ቴሌቪዥኑን ቀነሰ። መስመሩን አነበብሁለት።
ሳለ፤ ዝም አለ፤ ከዚያ ሩሲያኛ በታሸበት ዕብራይስጥ፦

«አሮጊቶቹ ናቸው። ዓርብ ገበያው ሊዘጋ ሲል ቲማቲም ይረክሳል፤
እስከዚያች ሰዓት ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ።
ያ አውቶቡስ ካመለጣቸው ሰንበት ገባ፤ እስከ ቅዳሜ ማታ ሌላ የለም።
አንዷ አንድ ጊዜ በእግሯ ሄደች፣ እስከ ዳሌት ሰፈር፣ በዚያ ሐሩር።
ከዚያ ወዲያ ነው የጻፍሁት። ማንንም አላስፈቀድሁም።»

«ታዲያ ለምን ማስታወሻ አልተውህበትም?»
«ብተውበትማ ያጠፉት ነበር።»

መለስሁት።
እንደ ድሮው ግን አይደለም፣ ከስምንት መቶ መስመር በታች ተቀብሮ፤
የራሱ በር፣ የራሱ ደጅ፣ ሦስት መስመር ብቻ።
ስሙን ሳላሳጥር ጻፍሁት፦
«ከገበያ የሚመጡትን ጠብቅ»።

ዋናው ፋንክሽን አሁን አሥራ አንድ መስመር ነው፤
ጮክ ብሎ ላነበበው አንድ ትንፋሽ ይበቃዋል፦
ሾፌር መድብ፣ ሰዓት ቁረጥ፣ ሰማዩን እይ፣
ከገበያ የሚመጡትን ጠብቅ፣ ሂድ።

እሑድ ጠዋት ኒትሳን መጣ፣ ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ፤
ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ፤
አንድ ቦታ ላይ ግን ቅንድቡን አነሣ።
«ይሄ ስም ረጅም ነው» አለኝ።

«ነው» አልሁት።