ቁልፍ

ሄልሚ በሞተች በወሯ፣ ካልጋው ሥር ቆርቆሮ አገኘሁ፤
ክዳኑ ዝጎ ተጣብቋል፣ በቢላ ፈልቅቄ አየሁ።
ቁልፍ ነው።
የነሐስ፣ የቀንድ፣ የላስቲክ፣ አንዳንዱ ከነክሩ ያለ፣
ካረጀ ልብሴ ተነቅሎ፣ ለክፉ ቀን የተባለ።
እኔ ሥራ ስለዋውጥ፣ እሷ ኋላ ኋላዬን
እንደ ቃርሚያ ትለቅም ኖሯል የጣልሁትን ዘመኔን።

ይቺ አረንጓዴዋ የጦር ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ሬዲዮ አዝዬ ቬትናም፣ ረግረግ ውስጥ እስከ አንገቴ።
ስለሷ ብዙ አላወራም፤
ያየ ሰው አይጠይቅም፣ ላላየ ሰው አይበራም።

ይቺ የብረት ማዕድን፤ ቀይ አፈሯ አሁንም አለ።
ፈንጂ በጮኸ ቁጥር፣ ጉልበቴ መሬት እየዋለ፣
አለቃዬ፣ ደግ ሰው ነበር፣
“ሌላ ፈልግ” አለኝ። አልከፋኝም።

መልሕቅ ያለባት የመርከብ፤ ሱፔሪየር ሐይቅ ላይ ሠራሁ፣
በረዶው ውሃውን ሲዘጋው፣ እኔም አብሬ ተዘጋሁ።

ይቺ ነጯ የሻጭነት። የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ይዤ፣
ሦስት ወር በር አንኳኳሁ፣ በከረባት ተይዤ።
አንድ ሸጥሁ።
ለሄልሚ። በዱቤ።

ቢጫ ክር ያለባት የአውቶቡስ፤ ስድስት ዓመት ተማሪ ማመላለስ፣
በጨለማ በረዶ ጠርጎ፣ ከየጫካው ልጅ ለቅሞ መመለስ።
ሦስተኛው ወንበር ላይ ዴልመር፣ የላቻንስ ልጅ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ማዶ፤
ጓንት የለው፣ ጣቱ ደርቆ፣ ካፖርቱ ሁሌ ተበርግዶ።
ሞተሩ እየሠራ ወርጄ፣ ጎንበስ ብዬ ከፊቱ፣
ቆለፍሁለት እስከ አንገቱ።

ኮከብ የታተመባት፣ የሸሪፍ ረዳት ሳለሁ የለበስኋት ናት።
ሰው ጀብዱ ይመስለዋል፤ ሥራው መኪና የገጨው አጋዘን ማንሣት፣
ሰካራም ቤቱ ማድረስ፣ ሚስቱ በር እስክትከፍት መጠበቅ ነው።
አንድ ሌሊት የማዕድን ጓዴን ካቴና ሳስገባበት፣
“እጅህ በረዶ ሆኗል፣ አርቪድ” አለኝ።
ያን ሌሊት ኮከቡ ከበደኝ።

የመጨረሻዋ ግራጫ፤ አሥራ ሰባት ዓመት፣ ማረሚያ ቤት።
እዚያ ቁልፍ ከደረት አይደለም፣ ከወገብ ነው፣ በተራመዱ ቁጥር የሚጮኽበት።
የመጀመሪያዋ የሌሊት ተራዬ። ቆጠራ። የእጅ ባትሪ፣ የሃምሳ ሰው ትንፋሽ።
ከበሩ ሦስተኛው ክፍል፣ አንድ ፊት ከብርድ ልብስ ሥር ተገለጠልኝ፤
“ሚስተር ኬስኪታሎ፣ ዛሬም ሦስተኛው ላይ ነኝ” አለኝ።

ምን ይባላል?
መዝገቡን አንብቤዋለሁ፤ ሰው የሞተበት ሌሊት ነው።
ባትሪዬን ዝቅ አድርጌ፣ ጣቶቹን ብቻ አየሁ።
ያው ጓንት ያጣ ጣት።
ያኔ ቆለፍሁለት፣
ዛሬ ቆለፍሁበት።
አንዲት ፊደል ናት ልዩነቷ፤ አሥራ ሰባት ዓመት አዳመጥኋት።

ከቆርቆሮው ግርጌ ደግሞ ሰማያዊ፣ ትንሽ፣ የልጅ፤
የኔ ያልሆነች፣ ካውቶቡሱ ወለል ያነሣኋት በዚህ እጅ፣
“ስፊልኝ” ብዬ ለሄልሚ የሰጠኋት። በረዶው ቀለጠ፣ ተረሳች።
ብልክለት አይቀበሉም፤ ትንሽም ትሁን ትልቅም፣
ደንቡን ግድግዳው ላይ የለጠፍሁት እኔው ነኝ፣ ሰበብ አላውቅም።

መነጽር በመነጽር ደርቤ፣ ክሩን በአራተኛው አስገባሁ።
በራሴው ካፖርት ላይ ሰፋኋት፣ ከላይኛው ቀዳዳ አንጻር።
ታንሳለች። ቀዳዳው ይሰፋታል።
ዛሬ ጠዋት ፖስታ ላመጣ ደጅ ስወጣ፣
ከሐይቁ ነፋስ መጣ፤
ተከፈተች።