ምላጭ

ስልኩ የጮኸው ሊነጋ ሲል ነበር፤
«ቡሬ ላይ፣ የበቆሎውን መጋዘን በር
አልፎ፣ ሁለት ሰው ገብቶ ቀረ» ይላል ድምፁ።
የፍኖተ ሰላም አደጋ መከላከል ዕቃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤
እኔ ጋ ነው ቁልፉም መዝገቡ።

መደርደሪያዬን አየሁ። ያለኝ ይኸው ነው፤
አረንጓዴ ቀለበት ያለው ማጣሪያ ለአሞኒያ ነው፣
ግራጫው ለክሎሪን፤
ቡናማው፣ ለቤንዚንና ለቀለም፣ ቀኑን ጨርሷል አምና።

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አልኩ በስልክ ደጋግሜ።
«የነቀዝ» አሉኝ። የነቀዝ! ይሄ ስም ነው ወይ ወንድሜ?
ነጋዴው ከገበያ የገዛው፣ ጽሑፉ የተፋቀ ቆርቆሮ፤
«ነጭ ሽንኩርት ይሸታል» ያለው ዘበኛም ወድቋል ራሱ ዞሮ።

ስሙን ላልነገረህ ጠላት ማጣሪያ አይመረጥም፤
ማጣሪያ ያለውን ያጠራል፣ የሌለ አየር አይሰጥም።
ሲሊንደሩን አወረድኩ፤ ሙሉ ነው፣ ሠላሳ ደቂቃ፤
አሥሩ ለመግቢያ፣ አሥሩ ለመውጫ፣ የቀረው የፈጣሪ ዕቃ።

ቱታው የተሰፋው ለረዥም ሰው ነው፤
ከኛ መሃል ልኩ የሆነ አንድ ነው፤ ተነሣ ስመኘው።
ጭንብሉን አጠለቀ፤ ቧንቧውን በመዳፌ ዘጋሁ፣
«ሳብ» አልኩት፤
ከጉንጩ በታች ፉጨት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ።

ጢም ነው።
የሐዘን ጢም። አርባው አልወጣም ለታናሹ፣ ለአዝመራው፣
ደምበጫ አጠገብ፣ የሞተር ጭስ ከሞላው ጉድጓድ ሰው ሊያወጣ
እርጥብ ጋቢ አፍንጫው ላይ ጠቅልሎ ለገባው።

ሐዘንተኛ ፊቱን ተላጨ ቢባል ሀገሩ ምን ይላል?
ጎማ ግን ሐዘን አያውቅም፤ በፀጉር ሥር መርዝ ያስገባል።

ምላጭም በመዝገቤ አለ፣ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት፤
አለቃችን «ለሠርግ ነው?» ብሎ ስቆብኛል የገዛሁት ዕለት።
ሳልናገር ዘረጋሁለት። አየኝ፤ ቆየ፤ ተቀበለ።
በመኪናው መብራት፣ ያለ ሳሙና፣ ያለ መስታወት . . .
«አዝመራው፣ ይቅር በለኝ» አለ።

እንደገና ቧንቧውን ዘጋሁ፤ «ሳብ» አልኩት፤ ሳበ።
ፉጨት የለም። ጎማው ጉንጩን ነክሶ ፊቱን ከበበ።

ወጪ፦ ቱታ አንድ፣ ጭንብል አንድ፣ ሲሊንደር አንድ፣ ምላጭ አንድ፤
መኪናው እያጓራ ያዘ የቡሬን መንገድ።
«ተመላሽ» የሚለው ዓምድ ባዶ ነው፤ እስክሪብቶዬን ይዣለሁ።
ከመሬት የለቀምኩትን ጢም በወረቀት ጠቅልዬ
ከመዝገቡ ጋር አስቀምጫለሁ።