የጋራ ታሕት

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከአሥር ሰዓት ኋላ፣
ከቴይ ወንዝ ተነሥቶ ዝናቡ በአግድሞ ዳንዲን ሲበላ፣
ካላን ይመጣል፤
ኮቱን ሳያወልቅ፣ ቦርሳውን ሳያወርድ፣
ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ያለውን ወንበር ይመርጣል።
መውጫውን አይቶ ነው መቀመጫ የሚይዝ።
ያንን አውቀዋለሁ። እኔም ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኝ፣
ነርስነት እየተማርኩ፣ የራሴን ቁልፍ ይዤ፣
ባቡር ውስጥ እስከ ዛሬ የምቀመጠው በሩ ጋ ነው፣ ጠርዝ ለጠርዝ።

በመጀመሪያው ቀን
«ሞርቨን እባላለሁ» አልኩት፤ ጫማዬን አየ።
ቆየ።
«ስንት ይከፍሉሻል?» አለኝ።
«የአውቶቡስ ትኬት፣ አንድ ብስኩት» አልኩት።
ብስኩቱን ገመሰው፣
ግማሹን ሰጠኝና ግማሹን ኪሱ ከተተው።

አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ስድስት ቤት፣ አምስት ትምህርት ቤት።
ቫይኪንጎችን ሦስት ጊዜ ተምሯል፤ በደረሰበት
ሁሉ ቀድመውት በመርከብ ይመጣሉ፤
ክፍልፋይን ግን፣ ሲገባ «አልቋል»፣ ሲወጣ «ገና ነው» ይላሉ።
መምህሩ «ሰነፍ» ብሎ ሲጽፍ በቀይ እስክሪብቶ፣
ማን ይንገረው ምዕራፉ እንደሆነ የጠፋው፣ መንገድ ላይ ቀርቶ?

«ክፍል የለኝም» አለኝ አንድ ቀን።
የሚማርበትን ይሁን፣ የሚተኛበትን፣
ወይስ ድርሻውን፣
አልጠየቅኩትም።

አሁን ያለው ወይዘሮ ፔትሪ ዘንድ ነው። ደግ ሴት ናቸው።
ፍሪጁን ለመክፈት ግን እስካሁን ያስፈቅዳቸዋል።
«ልጄ፣ ያንተም ቤት ነው» ይሉታል፤
እሱ ከዚያ ሁሉ ቃል «ም»ን ብቻ ይሰማታል።

ነገርኩት፦ «ፍሪጅ ሳላስፈቅድ የከፈትኩ ለት
አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አወጣሁ ወተት፤
እጄ ላይ ይዤው ቆምኩ፣ የሚቆጣኝ ሰው እስኪመጣ።
ማንም አልመጣም።
ወተቱን መለስኩት፣ ሳልጠጣ።»
ሳቀ።
የፊት ጥርሱ መሸረፉን ያን ቀን ነው ያየሁት።

አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ፣
«ደምር» ይላል መጽሐፉ። ካላን ደመረ፦ ሁለት አምስተኛ።
«አይሆንም» አልኩት።
«ለምን አይሆንም?» አለኝ፣ ወረቀቱን ገፍቶ።
«ታሕታቸው ይለያያል። ላይ ላዩን ብቻ አይቶ
የደመረ ይሳሳታል።
መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ የጋራውን መፈለግ ይገባል።»
እርሳሱን አኘከ። ጻፈ። ሰረዘ።
«ስድስት» አለና ቀና ብሎ አየኝ፤
ቤቶቹን የቆጠረ መሰለኝ።

ስለ እሱ የተጻፈው ፋይል ወፍራም ነው፤
«አንብቢው» ብለውኝ ነበር፣ ከመጀመሬ በፊት።
አላነበብኩትም።
እዚያ ያለው ሁሉ ላዕሉ ነው፦
የጠፋበት ቀን፣ የሰበረው መስኮት፣ የሰደበው ሰው።
ታሕቱን አውቀዋለሁ፤ ተኝቼበታለሁ፤
በሰው አንሶላ፣ በሰው ሳሙና ሽታ፣
የመኪና ድምፅ ባሰማ ቁጥር መንገዱ በማታ
«ሊወስዱኝ ነው» እያልኩ።

ከዚያ ሦስት ማክሰኞ ቀረ።
ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጬ ብስኩት በላሁ፣ ሙሉውን፤
አልጣፈጠኝም።
ስልኬ ላይ፣ እኩለ ሌሊት አልፎ፣ አንድ መልእክት ገባ፤
ሰላምታ የለው፣ ስም የለው፦
«ሦስት አራተኛ ሲቀነስ አንድ ስድስተኛ?»
ከአልጋዬ ተነሥቼ ሠራሁት። መልሱን ግን አልላክሁም።
«ታሕቱን ፈልግ» ብቻ ጻፍኩ።
ሃያ ደቂቃ።
«አሥራ ሁለት» አለኝ።
«በል ጨርሰው» አልኩት።

በአራተኛው መጣ፤ ጫማው ረጥቦ።
«የት ነበርክ?» ብለውት ነበር ፖሊሱም፣ መምህሩም፣ ሠራተኛዋም።
እኔ ወንበሩን ሳብኩለት።
ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ፣ ስምንት ቦታ ታጥፎ፤
ፈተናው ነው፤ ሃምሳ ሁለት፤ ዳር ዳሩ ተቀርፎ።
«ያንቺን ሥራ ለመሥራት ዕድሜ ስንት ይጠይቃሉ?»
«አሥራ ስምንት።»
«ብስኩቱ ያኔም ግማሽ ነው?»
«እንደምትከፍለው» አልኩት።

ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።
ኮቱን ግን አላወለቀም።