ያየህ

ቤርሳቤህ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣
የያየህ ሱቅ ጠባብ ናት፤ ብርሃን እንኳ በጎኑ ነው የሚገባ።

«ትልቁን! ሩቁን የሚያቀርበውን!» አለው ወታደሩ ፈንታ።
«ትልቁ ትንፋሽህንም ያገዝፋል፤ አይሰጥህም ፋታ።
ይህችን ውሰድ፣ ባለ ቀይ ነጥቧን። ብሎኗን አጥብቅ፣ አንገቷን ግን አትነቅ፤
አቧራ ሲያርፍባት በሸሚዝ አትጥረግ፤ እፍ በል፤ አሸዋ ጥርስ አለው፣ እወቅ።»

ፈንታ ትልቁን ገዛ።

በአርባኛው ቀን መለሰው። ጭረት የለው፤ ብሎኑ እንደጠበቀ።
«ምኑ ከፋ?» አለ ያየህ። ልጁ ወለሉን እያየ ጠየቀ፦
«ምንም አልከፋ። ፊቱን አቀረበልኝ፤ ያልተላጨ ጢሙን፣ የከንፈሩን ስንጥቅ።
የለህም ወይ አንድ… ሩቁን የሚያርቅ?»

ያየህ የገዛ መነጽሩን ከአፍንጫው ላይ አነሣ፤
ጠረገው በሸሚዙ ጫፍ፤
እፍ ማለቱን ረሳ።