የወጣበት ቀን

እንጅባራ፣ ከፈረስ መጋለቢያው ሜዳ ጀርባ፣
በቀርከሃ የታጠረች፣ ዝናብ የምታስገባ፣
አንዲት ግቢ አለች፤
አሥራ ዘጠኝ ውሻ ታስተዳድራለች።
ያቆሟት አቶ አንለይ ናቸው፤ የከብት ሐኪም ነበሩ፤
ሰው በጡረታው ባሕር ዛፍ ሲተክል፣ እሳቸው ጭራ የሚቆጥሩ።

እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ። መዝገቡ አራት ዓምድ አለው፦
ስም፣ መልክ፣ የገባበት ቀን። እነዚህን እኔ ነኝ የምሞላው፤
አራተኛው የወጣበት ቀን ነው፤
እሱን የሚሞላው ሰው ነው።

ሰው በበሩ ሲዘልቅ፣ ጃንጥላውን ሳያጥፍ፣
የሚለውን አውቀዋለሁ፣ አንድ ቃል ሳላዛንፍ፦
«ወንድ ነው? ይጮኻል? ሌባ ይይዛል?
ቡችላ ካለማ ጥሩ፣ ቤት ይለምዳል።»

ቡችላ አያድርም። ባለፈው ጥቅምት
ስድስት ተጣሉልን፣ በማዳበሪያ ከረጢት፤
እናታቸው ከአዲስ ቅዳም በእግሯ ተከትላ መጣች።
ሳምንት ሳይሞላ ስድስቱም ሄዱባት።
እሷ አሁንም አለች። «ሴት ናት፣ ትወልዳለች» እያሉ አለፏት።
እኔም ሴት ነኝ። ዝም አልኩ፤
መዝገቡ ላይ አጎንብሼ እርሳሴን ቀረጽኩ።

አንዱን ባጃጅ ገጨው፤ በሦስት እግሩ ቀረ።
አቶ አንለይ «ሦስት ከሆነ ይቆማል» ብለው ስሙ ጉልቻ ሆነ፤ በዚያው ተጠራ፣ ኖረ።
ሰው ያዝንለታል፣
ፎቶ ያነሳዋል፣ ዳቦ ይጥልለታል፣
ከዚያ አራት እግር ያለውን ይዞ ይሄዳል።

ከሰል ግን ጥቁር ናት፤ ድፍን፣ ምልክት የላት፤
ማታ አትታይም፣ ቀን ደግሞ አይፈልጓት።
አንዱ «ገደ ቢስ» አላት፤ አንዱ «ለጠንቋይ ነው የምትሆነው»፤
አንድ ተማሪ «በስልክ ፎቶዋ አይወጣም» ነው ያለው።
ፈረስ ብትሆን፣ ለጥቁሩም ስም አለን፦ ጉራቻ።
ለውሻ ጥቁር፣ ጥቁር ብቻ።

ሁለት ዓመት ከሁለት ወር። በኅዳር ማለቂያ አትጠገብ መጣች፣
ከፋግታ፣ በከሰል መኪና፤ ከጆንያው ላይ ወረደች።
እስከ ቅንድቧ ጥላሸት ናት።
«ይቺ ማን ናት?» አለች። «ከሰል» አልኳት።
ወገቧን ይዛ ሳቀች፤ ሳቀች፤
«ነጩን ወስጄ ባጥበው፣ ለማታው ያው ነው መልኩ፤
ይቺ ጨርሳ መጥታለች፤ ይኸው የክትባቱን፣ እንኩ።»
«አትጮህምኮ» አልኳት፣ መደበቁ ከብዶኝ፣ ፈራ ተባ ብዬ።
«እኔ እጮኻለሁ፤ እሷ ትስማኝ፣ እህትዬ!»

ማን ነው ብዙ የሚጠብቅ? ብትሉኝ ድሮ፣
ጥቁሯ፣ ሴቷ፣ አንካሳው እል ነበር፤ በጣቴ ቆጥሮ ቆጥሮ
የሚያልቅ መስሎኝ።
ሻምበል ግን አለ፣ ከጥጉ፣ ገለባው ላይ፤ ቁጥሬን ያፈረሰብኝ።

አሥራ አንድ ዓመት የእህል መጋዘን ጠበቀ።
መጋዘኑ ተሸጠ፤ ዘበኛው ልጁ ዘንድ ሄደ፤ ቁልፉም ተናጠቀ።
«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ሰው፤
የበላበት ሲዘጋስ? የት ይጩህ? ማን ነገረው?

በሩ ሲንቋቋ ሌሎቹ አጥሩን ይቧጥጣሉ።
እሱ አይነሳም። መጀመሪያው ዓመት ይነሳ ነበር፤
በሁለተኛው ጆሮውን ብቻ ያቆም ነበር፤
አሁን ዓይኑን ይገልጣል፣ ያያል፣ ይከድናል።
እንግዳውም «ይሄ ሰው አይወድም» ብሎ ያልፈዋል።

መጠበቅ የተወ የሚመስለው ነው፣
ለካ ብዙ የሚጠብቀው።

ትናንት፣ የሚያዝያ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
መዝገቡን በፌስታል ጠቅልዬ ልወጣ ስል፣ በዚያ ዝናብ፣
ሻምበል ተነሳ።
ቀስ ብሎ፣ አንድ ጉልበቱን ከሌላው እየለመነ፣ ሳይቸኩል፣
በሩ ድረስ ሸኘኝ። ሊከተለኝ መስሎኝ ቆምኩ፤ የለም። ቁልፉን ስቆልፍ ሰማ፤ ጠባቂ ነበረና፤
መቆለፉን አረጋግጦ፣
ወደ ገለባው ተመለሰ፣ እንደገና።